ጠጉር ሲረግፍ ቅቤ ምን ያደርጋል?

በሆሣዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ ገበያ ቅቤ ለመግዛት የሚጎበኝ ሰው ከሻጮች ዘንድ አንድ የተለመደ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ «ለምግብ ነው ወይስ ለራስ?» የሚል ነው። ለራስ የሚፈለገው ለጋው ቅቤ ነው። ከቅቤው ተራ ራቅ ብሎ ተልባና አብሽ በስፍር ይሸጣል። ከዚያ ማዶ ባሉት ሱቆች ደግሞ ከውጭ አገር የመጡ፣ በባለቀለም ጠርሙስ የታሸጉ የጠጉር ቅባቶች ተደርድረው ይታያሉ። ገዢዎቹን ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ «ጠጉሬ እንዲያምርና እንዳይረግፍ» ብለው ይመልሳሉ።

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ጥቅልሉ ጠጉር እንዲለሰልስና ጥቅልሉ አምሮ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከማበጠሪያ ጋር እየተነቀለ የሚወጣውን ጠጉር ማስቆም ነው። ለመጀመሪያው ጉዳይ እናቶቻችን በቤታቸው የሚያውቁት ዘዴ በቂ ነው፤ እንዲያውም በጠርሙስ ከሚመጣው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው እላለሁ። ለሁለተኛው ግን ቅቤም፣ ተልባም፣ የውጭ አገር ዘይትም መድኃኒት አይደሉም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መያዝ ገንዘብን ከማባከኑም በላይ በሽታን ይደብቃል። ክርክሬ ይህ ስለሆነ ምክንያቶቼን ላስረዳ።

ከራስ ቆዳ ውጭ የሚታየው ጠጉር ሕይወት የለውም። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ክር ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር፣ ጠጉሩ በሚበቅልበት ጠባብ ጉድጓድ ግርጌ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ጠጉሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የጎበጠ ከሆነ ደግሞ እየተጠቀለለ ይወጣል። አንዲት የጠጉር ዘለላ በአግድም ተቆርጣ በማይክሮስኮፕ ብትታይ የቀጥተኛው ጠጉር ቅርጽ ወደ ክብነት የተጠጋ፣ የጥቅልሉ ግን ሞላላ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ጥቅልልነት ከወላጆች የሚወረስ አፈጣጠር ነው። በላዩ የሚቀባ ነገር የነበረውን ጥቅልል ሊያሳምር ይችላል እንጂ ያልነበረውን አይፈጥርም።

ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በቀጥተኛ ጠጉር ላይ እንደ ልቡ ቁልቁል ይወርዳል። በጥቅልሉ ላይ ግን በየመጠምዘዣው እየተገታ ከጫፉ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የጥቅልል ጠጉር ጫፍ ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀ ደግሞ ቶሎ ይሰበራል። ሆሣዕናና ዱራሜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በበጋ ወራት ፀሐዩ ብርቱ፣ ነፋሱም ደረቅ ስለሆነ ራሷን ሳትሸፍን ረጅም መንገድ በእግሯ የምትሄድ ተማሪ ጠጉር ቢሻክር የሚያስደንቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አጠቃቀማችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በአማርኛ «ዞማ» የሚለው ቃል ሲነገር ምስጋና አለበት። «ከርዳዳ» የሚለው ግን እንደ ስድብ ሲወረወር ይሰማል። ቃሉ በራሱ ምንም በደል የለበትም፤ የጠጉርን ዐይነት ብቻ ይገልጻል። ስድብ ያደረገው የተናጋሪው ቃና ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው የታወቁ ንጉሥ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካረፉ በኋላ ተቆርጦ የተወሰደው ጠጉራቸው በለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቀመጥ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። በፋሺስት ወረራ ዘመን በዱር በገደል የታገሉት አርበኞች ጎፈሬም በፎቶግራፎቻቸው ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ይህ ሁሉ የክብር ምልክት የሆነ ጠጉር ጥቅልል ጠጉር ነው።

ከዚህ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ጥቅልል ጠጉር የነበረው ሕፃን ጠጉሩ እየሳሳ፣ እየቀላና ጥቅልሉን እየተወ ሲሄድ ያየ የጤና ባለሙያ «ዞማ ሆነለት» ብሎ አይደሰትም። በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ክዋሺዮርኮር የተባለውን የከባድ የምግብ እጥረት በሽታ ነው። ይህን በሽታ በዛሬይቱ ጋና ሕፃናት ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለሕክምናው ዓለም ያሳወቁት ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ ናቸው። እንግዲህ የጠጉር መለስለስ ሁልጊዜ የውበት ምልክት አይደለም፤ ረኀብም ጠጉርን ያለሰልሳል።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ዘዴዎች ልመለስ። ከሁሉም አስቀድሞ የሚነሣው ቅቤ ነው። ቅቤ የጠጉሩን ክር በስሱ ይሸፍነዋል፤ ርጥበቱ እንዳይተን ይከላከላል፤ ክርና ክር እንዳይፋተጉም ያደርጋል። የደረቀና የተወቀጠ አደስ ሲጨመርበት ሽታውም ደስ የሚል ይሆናል። ይሁን እንጂ አቀባቡ ላይ ብዙ ጊዜ ስሕተት ይታያል። ቅቤ የሚቀባው በታጠበና ገና ርጥበት ባለው ጠጉር ላይ፣ ይልቁንም ወደ ጫፉ አካባቢ፣ በመጠኑ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ባልታጠበ ራስ ላይ ከቆዳው ጋር እስኪላቆጥ ድረስ ይደፉታል፤ ለቀናትም እንዲሁ ይተዉታል። በሰው ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የሚባል፣ ወዝና ስብ እየተመገበ የሚኖር ረቂቅ ፈንገስ አለ። ፎረፎር የሚባባሰው ከዚህ ፈንገስ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፎረፎር ያለበትን ራስ ቅቤ ማልበስ ለፈንገሱ ማዕድ መዘርጋት ማለት ነው። «ራሴ ደርቆ ስለሚያሳክከኝ ቅቤ ልቀባ» የምትል ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያሳክካት ድርቀት ሳይሆን ፎረፎር መሆኑን ብታውቅ ይጠቅማታል።

ለጥቅልል ጠጉር ከቅቤ ይልቅ የማደንቀው ተልባን ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተጥዶ እየተማሰለ ቢፈላ፣ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ የእንቁላል ነጭ የሚመስል ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ይህም ገና ትኩስ ሳለ በስስ ጨርቅ መጠለል አለበት፤ ከበረደ በኋላ ከፍሬው አልለይ ብሎ ያስቸግራል። የተጠለለው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጠጉር ላይ ይቀባና ጥቂት ጥቂት ዘለላ እየተያዘ በጣት ይጠቀለላል። ሲደርቅ ጥቅልሉ እንደተያዘ ይቀራል። ተልባው የጠጉሩን ተፈጥሮ አልለወጠም፤ የነበረውን ቅርጽ ብቻ አጽንቶታል። በሱቅ የሚሸጡት ብዙ የጥቅልል ማስያዣ ቅባቶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ፈሳሹ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ ስለማይቆይ በጥቂት በጥቂቱ ማዘጋጀት ይሻላል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይባላል፤ ለጠጉር ሲሆን ግን ሙቀጫውም አያስፈልግም። ተዘፍዝፎ ያደረ አብሽም ተመሳሳይ ዝልግልግነት አለው፤ ሽታው ግን ከክፍል ጓደኞች ሊሰወር አይችልም።

እሬት ደግሞ ሁለት ዐይነት ፈሳሽ አለው። ከቅጠሉ መካከል የሚገኘው ጥርት ያለው ዝልግልግ ቆዳን ያቀዘቅዛል። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ስለሚቆጠቁጥ ታጥቦ መወገድ ይኖርበታል። የመጀመሪያውንም ቢሆን አስቀድሞ በክንድ ላይ በጥቂቱ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ጥሩ ነው።

በዚህ ስፍራ «ይህ እኮ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ይህ ክርክር ሲሰማ ያማረ ነው፤ ሲመረመር ግን አይቆምም። ጉሎን እንመልከት። ጉሎ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ተክል ነው። ዘይቱ ለጠጉር እንደሚሆን በብዙ አገሮች ይነገራል። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ጠጉርን ይሸፍናል፤ ያብለጨልጫልም። ጠጉር ያበቅላል ለሚለው ግን በቂ ማስረጃ የለም። የጉሎ ፍሬ በውስጡ ሪሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ ይዟል። በፋብሪካ ተጣርቶ በሚወጣው ዘይት ውስጥ ይህ መርዝ አይገኝም። በቤት ውስጥ ፍሬውን ወቅጦ ዘይት ለማውጣት መሞከር ግን፣ በተለይ ሕፃናት በሚገኙበት ቤት፣ ከፍ ያለ አደጋ አለው። መርዙ የተፈጥሮ መሆኑ ገዳይነቱን አልቀነሰውም።

ስለ ጠጉር መርገፍ ለመናገር አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። በአንድ ሰው ራስ ላይ 100000 ያህል የጠጉር ዘለላዎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ዘለላ ለጥቂት ዓመታት ያድጋል፤ ከዚያም ለሦስት ወር ያህል አርፎ ይወድቃል፤ በስፍራውም ሌላ ይበቅላል። ስለዚህ ማንኛውም ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጠጉር ይረግፍበታል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ግን የረገፈው ጠጉር በጉንጉኑ ተይዞ ስለሚቆይ መውደቁን አታይም። ሹሩባውን ከ21 ቀን በኋላ ስትፈታ በየቀኑ ይወድቅ የነበረው ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ይህም ከ1050 እስከ 2100 ዘለላ ማለት ነው። እፍኝ የሚሞላ ጠጉር በማበጠሪያው ላይ አይታ ብትደነግጥ አይፈረድባትም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ የሦስት ሳምንት እንጂ የአንድ ቀን አይደለም።

ሌላም ቀላል መመርመሪያ አለ። የወጣውን ጠጉር አንድ በአንድ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ጫፎቹን ተመልከቱ። በአንደኛው ጫፍ ላይ የስፒል ራስ የምታህል ነጭ እብጠት ካለች ጠጉሩ ከሥሩ ረግፏል። በሁለቱም ጫፍ ይህች እብጠት ከሌለች ግን ጠጉሩ የረገፈ ሳይሆን የተሰበረ ነው። ለተሰበረው መፍትሔው ከቤት ይገኛል፤ ይኸውም ጠጉርን በእርጥቡ፣ በጣት ወይም ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ወደ ሥር እየፈቱ ማበጠር፣ ካውያና ፔስትራ ማብዛትን መተው፣ ከላይ የተናገርሁትንም ቅቤና ተልባ በመጠኑ መጠቀም ነው። ከሥሩ ለረገፈው ግን ምክንያቱ ያለው ከሰውነት ውስጥ ስለሆነ በላዩ የሚቀባ ነገር አይደርስበትም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከዶዮገና ገጠር መጥታ በሆሣዕና ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ በሐሳባችን እንሳል። በጥቅምት ወር ታይፎይድ ይዟት ለሁለት ሳምንት በትኩሳት ተኛች እንበል። ታክማ ዳነች። በጥር ወር ጠጉሯ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ልጅቱ ሕመሙን ከረሳችው ቆይታለች። አንዱ «ሳሙናሽን ስለ ለወጥሽ ነው» ይላታል፤ ሌላዋ «ጠጉርሽን ሲያደንቁልሽ ነበርና ዐይን በልቶት ነው» ትላታለች። እውነተኛው ምክንያት ግን የጥቅምቱ ትኩሳት ነው። ብርቱ ሕመም፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ ኀዘን ሲደርስ ብዙ የጠጉር ዘለላዎች ማደጋቸውን ትተው በአንድነት ወደ ዕረፍት ይገባሉ። የሚወድቁት ግን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። በምክንያቱና በውጤቱ መካከል ይህን ያህል ጊዜ ስላለ ሰው ሁለቱን አያገናኛቸውም።

የዚህ ዐይነቱ መርገፍ ሌላ ምክንያት ካልተጨመረበት በስድስት ወር ገደማ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይቆማል። የማታለሉም ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ልጅቱ በጥር ወር የጉሎ ዘይት ብትገዛ በሰኔ ጠጉሯ ሲመለስ ምስጋናው ለጉሎ ዘይት ይሆናል። የጥብስ ቅጠል ብትቀቅል ለጥብስ ቅጠሉ ይሆናል። ምንም ባትቀባም በሰኔ መመለሱ አይቀርም ነበር። ዝናው በየሰፈሩ የሚወራ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ዝናውን ያገኘው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ «እገሌ ተቀብታ ድናለች» የሚለው ወሬ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ለማስረጃ ከተቀቡት ጎን ያልተቀቡትንም ማየት ያሻል። ስለ ጥብስ ቅጠል ዘይት እ.ኤ.አ. በ2015 በኢራን ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት አለ። በዘር የሚወረስ ራሰ በራነት ያለባቸው 100 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን ይህን ዘይት፣ ሁለተኛው ሚኖክሲዲል የሚባለውን መድኃኒት በ2 ከመቶ ጥንካሬ ተቀብተዋል። ከስድስት ወር በኋላ የሁለቱም ወገኖች ጠጉር በመጠኑ ጨምሮ ተገኝቷል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ምንም ያልተቀባ ሦስተኛ ወገን ስላልነበረ ግን ክርክሩን አልዘጋውም። በዚያ ላይ የተመረመረው ተጣርቶ የወጣው ዘይት ነው እንጂ በድስት የተቀቀለ ቅጠል አይደለም።

ከስድስት ወር በኋላም የማይቆም መርገፍ ከሆነ ወደ ገበታ መመልከት ተገቢ ነው። የሐዲያና የከምባታ ሕዝብ የእንሰት ባለቤት ነው። እንሰት ድርቅን የሚቋቋም፣ በችግር ጊዜ ብዙ ነፍስ ያዳነ ተክል ነው። ቆጮ ግን ኃይል ሰጪ ምግብ ነው እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። አባቶችና እናቶች ይህን በልማድ ስለሚያውቁ ቆጮን ብቻውን አያቀርቡትም፤ ከአይብ፣ ከጎመን፣ ከወተት፣ ሲገኝም ከሥጋ ጋር ያቀርቡታል። የሐዲያው አታካና እንኳ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ግን ከገጠር ሲመጣ የማይበላሸውን ደረቅ ቆጮና ዳቦ ይዞ፣ የሚበላሸውን አይብና ወተት እቤት ትቶ ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ የሚበላውም ያንኑ ነው። ጠጉር ፕሮቲን ነው ብለናል፤ ሰውነት ፕሮቲን ሲያጥረው ደግሞ የሚያስቀድመው ልብንና ጡንቻን እንጂ ጠጉርን አይደለም። ስለዚህ ቅቤን በራስ ላይ ከማብዛት ይልቅ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ወይም እንቁላል በገበታ ላይ መጨመር ለጠጉር የተሻለ ወጪ ነው።

የብረት ማዕድን ማነስም ከዚህ ያላነሰ ምክንያት ነው። ሴት ተማሪዎች በየወሩ በወር አበባ ደም ስለሚፈሳቸው ከወንዶች ይልቅ ለዚህ ይጋለጣሉ። በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው መንጠቆ ትልም ደምን ይመጣል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዱታል። ቡና ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምክር በዚህ አገር ሰሚ አያገኝም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ግን አያስቸግርም። ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የዐይን ሽፋን ውስጥ መገርጣት ከጠጉር መርገፍ ጋር አብሮ ከታየ ደምን ማስመርመር የሚያስፈልግበት ጊዜ ደርሷል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባትም እንዲሁ ጠጉርን ያረግፋል፤ የሚታወቀውም በምርመራ ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን በራሳችን እጅ የምናመጣው መርገፍ ነው። ሹሩባ የሚያምር ባህላዊ ሥራ ነው፤ ለጥቅልል ጠጉርም በመጠኑ ሲሠራ መጠለያ ይሆነዋል። ሲጠብቅ ግን ጠጉሩን ቀን ከሌሊት ከሥሩ ይጎትተዋል። ይህ ጉዳት በሕክምና ጽሑፍ ላይ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ጠጉራቸውን ወደ ላይ ጠበቅ አድርገው ያስሩ በነበሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው። እንግዲህ የጉዳቱ ምክንያት ጉተታው ነው እንጂ የጠጉሩ ዐይነት አይደለም። መጀመሪያ የሚሳሳው በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ጠጉር ነው። በጠጉሩ ሥር ትናንሽ ብጉሮች ይወጣሉ፤ ራስ ያማል፤ ሌሊት ያስተኛል ማለት ዘበት ነው። በዚህ ደረጃ ሹሩባው ቢፈታ ጠጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ጉድጓዱ ጠባሳ ሆኖ ይደፈናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ቅቤ የለም። ጥብቅ ሹሩባ ለምን እንደሚፈለግ አይጠፋኝም። ገንዘብ የወጣበት ሥራ ነውና ቶሎ እንዳይላላ ይፈለጋል፤ ያልተንጨባረረ ጠጉርም በትምህርት ቤት የንጽሕና ምልክት ሆኖ ይታያል። ሆኖም ስትሠራ ያለቀሰችን ሕፃን «ውበት ያማል» ብሎ ማባበል ተገቢ አይደለም። ያመመ ሹሩባ ጠብቋል፤ እንደገና መሠራት አለበት። ሠሪዋም ብትሆን ይህን በትሕትና ስትነገር ልትቆጣ አይገባትም።

ስለ ኬሚካል ማለስለሻ ብዙ አልናገርም፤ የተፈጥሮ ዘዴዎችን የሚመለከት ጽሑፍ ውስጥ መግባቱም ለማነጻጸር ያህል ነው። አንዳንዶቹ ማለስለሻዎች ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ቆዳን የሚያቃጥል ውሕድ ይይዛሉ፤ የሚሠሩትም የጠጉሩን ፕሮቲን አያይዞ የያዘውን ሰንሰለት በመበጠስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትሎ የታተመ ጥናት፣ ማለስለሻ ተጠቅመው በማያውቁ ሴቶች ላይ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ የማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድል 1.64 ከመቶ፣ አዘውትረው በሚጠቀሙት ላይ ደግሞ 4.05 ከመቶ ሆኖ እንደሚገመት አመልክቷል። ይህ ግንኙነት መኖሩን ያሳያል እንጂ መንሥኤነቱን አላረጋገጠም። ቢሆንም የተፈጥሮ ጥቅልሉን ለመለወጥ ሲባል ይህን ሥጋት መሸከም በእኔ አስተያየት ኪሳራ ነው።

«ለጠጉር ብሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ቅንጦት ነው» የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ። ለዕለት ጉርስ ለሚጨነቅ ቤተ ሰብ ይህ ቃል ከባድነቱ ይገባኛል። ነገር ግን ቅቤም ዛሬ ርካሽ አይደለም። በየወሩ ለልዩ ልዩ ቅባት የሚወጣው ገንዘብ ቢደመር የአንድ ጊዜ የደም ምርመራ ዋጋ ሳይደርስ አይቀርም። ደግሞም አንዳንዱ የራስ በሽታ ጊዜ አይሰጥም። በሕፃናት ራስ ላይ እየከበበ ጠጉርን የሚበላው፣ ቅርፊት የሚያወጣው ቆረቆር ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ጠጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በላዩ በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፤ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መውሰድ ያስፈልጋል። ባንድ ምላጭና ባንድ ማበጠሪያ መጠቀም ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምተዋል። ላሽ ደግሞ ቅርፊት ሳይኖረው ቦታ እየለየ ለስላሳ ገላጣ ያወጣል፤ ይህም ከሰውነት የመከላከል ኃይል መዛባት የሚመጣ ነው እንጂ የሚተላለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ አነስተኛ የኢራቅ ጥናት የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ለላሽ እንደሚረዳ አሳይቷል፤ ይሁንና ላሽ በብዙ ሰዎች ላይ በራሱ የሚመለስ በሽታ ነው። ሁለቱን በሽታዎች ለይቶ የሚያውቅ የሠለጠነ ዐይን ነው፤ ቆረቆርን ላሽ ነው ብሎ ሽንኩርት እያሹ የሚባክነው ወር ፈንገሱ ለወንድምና ለእኅት የሚዳረስበት ወር ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ተማሪ አስቀድማ ልታስታውሳቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መርገፉ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ምን ሕመም እንደ ደረሰባት፣ የወር አበባዋ ምን ያህል እንደሚፈሳት፣ በሳምንት ውስጥ ምን ምን እንደምትበላ ትጠየቃለች። በአንድ ቀን የረገፈውን ጠጉር በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ብትሄድ ይበጃል። በዋዜማው ደግሞ ራሷን ትታጠብ እንጂ ቅቤ አትቀባ፤ በቅቤ የተሸፈነ የራስ ቆዳ ለመርማሪው አይታይምና።